ክሪኤት ወይስ ኮፒትራንኬት? ሎግሮቴት ላይ የቱ ይሻላል

ካዛንቺስ ቢሮ እያለን አንድ ማታ የሰርቨሩ ዲስክ 100% ሞላና እኔም ደንግጬ ትልቁን ሎግ (አፑ የሚሰራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) አጠፋሁት፣ ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ብዬ ሳይ ግን ንቅንቅ የለም! ለካ አፑ ፋይሉን ከፍቶ ይዞታል፣ እሱ ካልለቀቀው ቦታው አይመለስም። ሎግሮቴት (ሎጎችን በየጊዜው የሚያዞር፣ ማለትም አሮጌውን አስቀምጦ በባዶ የሚያስጀምር የሊኑክስ ፕሮግራም) ላይ ያሉትን ሁለት መንገዶች፣ ክሪኤትንና ኮፒትራንኬትን፣ በደንብ የለየሁት ከዛ በኋላ ነው።

ክሪኤት፦ የድሮውን ፋይል ስሙን ቀይሮ ባዶ አዲስ ይፈጥራል። አፑ ግን ስሙ መቀየሩን አያውቅም፣ እዛው አሮጌው ላይ መጻፉን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ፖስትሮቴት (ከማዞሩ በኋላ የሚሰራ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ክፍል) ውስጥ እንደገና ክፈት የሚል ሲግናል መላክ አለብህ (ለዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ዩኤስአር1 ነው)። ዲሌይኮምፕረስም (መጭመቁን ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያዘገየውን) ጨምርበት፣ አፑ አሮጌውን ሳይለቅ እንዳይጨመቅ። ትንሽ ስራ አለው ግን ሎግ አይጠፋብህም።

ኮፒትራንኬት፦ ኮፒ አድርጎ ዋናውን ባዶ ያደርገዋል። ሲግናል ምናምን የለም፣ አንድ መስመር ጽፈህ ማኪያቶህን ትጠጣለህ። ግን በኮፒውና በማጽዳቱ መሀል ባለችው ቅጽበት የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። ደሞ ፋይሉ 20 ጊጋ ከሆነ ኮፒውም 20 ጊጋ ይፈልጋል፣ ዲስኩ ሊሞላ ሲል እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ በለው። አፑም ፋይሉን በአፔንድ (ሁሌ መጨረሻው ላይ በሚጽፍ መንገድ) ካልከፈተው ከጸዳ በኋላ በድሮው ቦታ ይጽፍና መጠኑ ተመልሶ ጉድ ያሳይሃል።

የክፍያ ሎግ ወይ ኦዲት የሚጠየቅበት ከሆነ ክሪኤት ነው፣ አልከራከርም። ሶርስ ኮዱ የሌለህ፣ ሲግናል የማይሰማ አሮጌ አፕ ከሆነ ግን ኮፒትራንኬት፣ ፋይሉ ሳያብጥ ቶሎ ቶሎ አዙረው። ማክስሳይዝ (ከዚህ መጠን ካለፈ አዙር የሚለውን) ስላስገባህ ብቻ አትመን፣ ሎግሮቴት መጠኑን የሚያየው ሲነሳ ብቻ ነው፣ በቀን አንዴ ከሆነ በየሰዓቱ አድርገው።