ያገለገለ ተንቀሳቃሽ የግንድ መሰንጠቂያ ልትገዙ ነው? በአንድ ጣውላ አትታለሉ

«ብዙ ያልሰራ፣ ባለ 13 ፈረስ ጉልበት፣ ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ለደላላ የደወላችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። የምናወራው በመኪና ተጭኖ ግንዱ ያለበት ድረስ ስለሚሄደው፣ ቀለበት ምላጩ በሁለት ፑሌጃ ላይ እየዞረ በሐዲድ ስለሚገፋው ማሽን ነው።

ማታለያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። ስትደርሱ ማሽኑ ተነስቶ እየሰራ ይጠብቃችኋል። ምላጩ አዲስ ነው። አልጋው (ግንዱ የሚያርፍበት የማሽኑ ብረት) ላይ የተጋደመው ትናንት የተቆረጠ የፈረንጅ ጽድ ሲሆን ርዝመቱ ከሁለት ሜትር አይበልጥም። አንዴ ይገፋል፣ ሰጋቱራው ቡን ይላል፣ ልስልስ ያለ ጣውላ ይወጣል፣ ወዲያው «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው» ይባላል። እዚህ ላይ የተፈተነ ነገር የለም። አዲስ ምላጭ ለጥቂት ደቂቃ የማንኛውንም ማሽን ጉድ ይሸፍናል፤ እርጥብ ለስላሳ እንጨት ሞተር አያስጨንቅም፤ አጭር ግንድ ደግሞ የአልጋውን መጣመም አያሳይም።

ስለዚህ ግንዱን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ 3 ሜትር የሚረዝም፣ ቀጭኑ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባህር ዛፍ ይበቃል። የማጓጓዣው ወጪ ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም። ሻጩ «ባህር ዛፍ አልሰነጥቅም» ካለ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ፤ እዚህ አገር ማሽኑን ገዝታችሁ ከዕለት ዕለት የምትሰነጥቁት ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ግንዱን በአራቱም ጎን ጠርባችሁ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ አድርጉት። ከዚያ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አምስት ስድስት ጣውላ አውጡ። እያንዳንዱን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ፤ ሁለቱን ጫፍና መሃሉን፣ በግራም በቀኝም ጠርዝ። የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጥሩ ነው፣ 2 የሚቻል ነው፣ 3 ካለፈ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዋጋ አይነገርም። ምክንያቱን ጣውላው ራሱ ይናገራል። ውፍረቱ ከጣውላ ጣውላ ቦታ እየቀያየረ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የምላጩ ነው፤ ወይ ደንዟል፣ ወይ ላልቷል፣ ወይ የጥርሱ ግራና ቀኝ መጋደል እኩል አይደለም። ይሄ በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። በሁሉም ጣውላ ላይ እዚያው አንድ ቦታ እብጠት ካለ ሐዲዱ ተመትቷል፣ ወይም ሰጋቱራ ደርቆበታል፤ ጠርጋችሁ ድገሙት። አንዱ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ወፍሮ ሌላው ከሳሳ ምላጩና አልጋው ትይዩ አይደሉም። ማስተካከያው ብሎን ገና የሚዞርበት ቦታ ካለው ችግር የለም። ብሎኑ ጫፍ ደርሶ እንኳን ካልተስተካከለ ግን ብረቱ ጎብጧል፣ እሱን ተዉት።

አንድ ነገር ላይ ሻጩን ያለ ጥፋቱ አትወንጅሉ። ባህር ዛፍ ውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው ከአንድ ጎን ብቻ እየላጣችሁ ከሄዳችሁ የቀረው ግንድ ይጎብጣል፣ መሃሉ ከአልጋው ተነስቶ በስሩ ብርሃን ይታያል። ያኔ የመሃሉና የጫፉ ውፍረት መለያየቱ የማሽን ጉድለት አይደለም። ሁለት ሦስት ጣውላ ካወጣችሁ በኋላ ግንዱን ገልብጡት።

አልጋውንም ሳትሰነጥቁ መመርመር ይቻላል። ሞተሩ ይጥፋ፣ የካንዴላው ገመድ ይነቀል፣ ጓንት ይደረግ። ማሽኑን መጀመሪያ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ አቁሙት፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ የቆመ ደህና አልጋም ጠማማ ይመስላል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ሲባጎ አስተላልፋችሁ ወጥሩ። ሲባጎዎቹ መሃል ላይ ለጥቂት ከተነካኩ አልጋው ቀጥ ያለ ነው። በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ከተጫነው፣ ተጠማዟል። ቀጥሎ ምላጩን ወጥራችሁ የመቁረጫውን ክፍል ከአንዱ አግዳሚ ብረት ወደ ሌላው እየገፋችሁ ከብረቱ እስከ ምላጩ ያለውን ከፍታ ለኩ። ሁሉም በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ መግጠም አለበት። ከጭነት መኪና በሰው ሸክም ሲወርድ የተጣለ ማሽን እዚህ ላይ ይጋለጣል። አዲስ ቀለም ደግሞ መጠርጠሪያ ነው፤ የመቁረጫውን ክፍል የሚሸከመው ቋሚ ከስሩ የተበየደበትን ቦታ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ ብየዳ ላይ የተደረበ ብየዳ ካለ ብረቱ አንዴ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

የምላጩን ፑሌጃዎች ሽፋን አስከፍቱ። በብዙ ማሽን ላይ ፑሌጃው ቺንጋ ለብሷል፣ ምላጩም የሚያርፈው ቺንጋው ላይ ነው። ቺንጋው አልቆ ምላጩ ብረቱን ከነካ በላይ በላዩ ይበጠሳል። ፑሌጃውን ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወዝውዙት፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል። ምላጩን የሚመሩት ሁለት ሮለሮች ያለ ድምፅ መዞር አለባቸው፤ ከኋላቸው ያለው ከንፈር ማሽኑ ባዶውን ሲዞር የምላጩን ጀርባ መንካት የለበትም፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የተጣሉትን አሮጌ ምላጮች አሳዩኝ» በሉ። ስንጥቁ ከጥርሶቹ መሃል፣ ከጎድጓዳው ስር ከጀመረ ምላጩ ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ወይም ሳያርፍና ሳይሳል ብዙ ሰርቷል። ስንጥቁ ከጀርባው ከጀመረ የሮለሩ ከንፈር ሲፈትገው ኖሯል። ጥርሱ ወደ ሰማያዊ ከጠቆረ ያለ ማቀዝቀዣ ውሃ እየነደደ ቆርጧል። አሮጌ ምላጭ እንደ ሻጭ አይዋሽም።

አሁን ሞተሩ። ከመነሳቱ በፊት ማርሚታውን በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ በሉት፤ ሙቀት ካለው ቀድሞ ተነስቷልና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ደካማ ሞተር ሲሞቅ በቀላሉ ይነሳል፣ ጠዋት ግን ያስለቅሳል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቁር ጭስ ነዳጅ ሲበዛበት ነው። ተለጣፊውን አትመኑ፣ ብሎኩ ላይ የተመታውን አንብቡ። የሆንዳ ጂኤክስ 390 እና 188 ኤፍ የሚባለው የቻይና ሞተር ሁለቱም 389 ሲሲ ናቸው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። 188 ኤፍ ክፉ ሞተር አይደለም፣ ነገር ግን በሆንዳ ዋጋ አይሸጥም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከፍታን ነው። እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር ከባህር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 2,300 ሜትር ላይ ባለችው አዲስ አበባ 13 ፈረስ ጉልበት የተባለው ወደ 9 ተኩል ይወርዳል። አዳማ ላይ ፈትናችሁ ደብረ ብርሃን የምታሰሩት ከሆነ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁና ያያችሁትን ጉልበት አታገኙትም። ከ1,500 ሜትር በላይ ሁልጊዜ የሚሰራ ሞተር ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ዋና የነዳጅ ማሳለፊያ በአነስተኛ ቀዳዳ መቀየር አለባት፤ አለበለዚያ ነዳጅ ይፈጃል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ዋጋ ስትደራደሩ የምላጭ ማሾያውና ጥርስ ማጋደያው አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ያለ እነሱ ምላጭ በደነዘዘ ቁጥር ሥራ ይቆማል። የምላጩንም ርዝመት ለኩ፤ ገበያ ላይ የማይገኝ ርዝመት ከሆነ በየጊዜው ማስበየድ ሊኖርባችሁ ነው።

ወረቀቱ ላይ ብዙዎች ይሰነፋሉ። በካፒታል ዕቃ ሊዝ (ዋጋውን በኪራይ መልክ በየጊዜው እየከፈሉ) የተወሰደ ማሽን ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ንብረትነቱ የአከራዩ ድርጅት ነው፤ የተከራየው ሰው ሊሸጠው አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን ለብድር ዋስትና ሊያዝ ስለሚችል፣ ብሔራዊ ባንክ ባለው የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና መዝገብ አስፈትሹ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ቁጥርና ሞተሩ ላይ የተመታው ካልገጠሙ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ።

«የዋንዛ ሥራ አለ፣ በወር ትመልሰዋለህ» የሚለውን ማባበያም አትስሙ፤ የተፈጥሮ ደን ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ ያለ ፈቃድ ስትሰነጥቁ ብትያዙ ሻጩ አጠገባችሁ አይኖርም።

ቀብድ በሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ካፈረሰ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ውሉ ላይ «በገዢው ግንድ ተፈትኖ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል መስመር ይግባ፤ የሞተሩና የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የምላጩ ብዛት፣ ማሾያው በስም ይጻፍ። ገንዘቡ በደላላው እጅ ሳይሆን በሻጩ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ከተረከባችሁ በኋላ የተደበቀ ጉድለት ካገኛችሁ አንድ ሳምንት እየሰራችሁበት አትቆዩ፤ በዚያው ቀን ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂው በእጃችሁ ይቅር።