ሶላሬ ከወራት በኋላ፦ ፓኔሉ አኮራኝ፣ ባትሪው አቃጠለኝ

ባትሪው ደክሟል። ጣሪያ ላይ ያሉት የፀሐይ ፓኔሎች ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ይሠራሉ። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ኢንቨርተርም ችግር የለበትም። ባትሪው ግን ዓመት እንኳ ሳይደፍን፣ ምሽቱ ሳይጋመስ ይዘጋል።

የተሸጠልኝ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። ሁለቱን ስታባዟቸው 2400 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ወረቀት ላይ ብዙ ነው። ሻጩ ያልነገረኝ፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገ ከግማሽ በታች መውረድ እንደሌለበት ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ በእጄ ያለው 1200 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያም ላይ ኢንቨርተሩ የራሱን ይቆነጥራል። 200 ዋት የሚበላ ዕቃ ብትሰኩበት ስድስት ሰዓት በቅጡ አይሞላም።

«ፓኔሉ እኮ የ25 ዓመት ጋራንቲ አለው!» ይላል ሻጭ። አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ከፓኔሉ ጋር ማን ተጣላ? እኔ የምጠይቅህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስላለው ነው። ያኔ መብራቱን የሚሰጠኝ ባትሪው ነው፤ አንተ ደግሞ ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተናገርከው።

ዋናውን ጉዳት ያደረሰው ደመና የበዛበት ሰሞን ነው። ፓኔሉ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ባትሪውን ጢም አያደርገውም። ማታ እንጠቀማለን፤ በማግስቱ ሳይሞላ ይመሻል፤ ደግሞ እንጠቀማለን። ሊድ አሲድ ጎዶሎ ሆኖ መሰንበትን አይችልም። ኃይል ሲሰጥ በውስጡ ባሉት ሳህኖች ላይ ሊድ ሰልፌት ይፈጠራል። ባትሪው ቶሎ ከሞላ ይህ ነገር ተመልሶ ይጠፋል። ሳይሞላ ከሰነበተ ግን እየጠጠረ ይሄዳል፤ የጠጠረው ክፍል ደግሞ ከዚያ ወዲያ ኃይል አይዝም። ቦታው ሞቃት ከሆነ እርጅናው ይብስበታል። የእኔም ባትሪ ያለቀው እንዲህ ነው። ማንም አልሰበረውም፣ ማንም ከአቅሙ በላይ አልጫነበትም።

«ታዲያ ጀነሬተርህን መልሳ!» የሚሉኝ አሉ። ለቤንዚን የሚገባውን ልስጠው። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት-ሰዓት (9000 ዋት-ሰዓት) የሚጠጋ ኃይል ይዟል። ትንሽ ጀነሬተር አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነውም፣ የሚተርፈው ከእኔ ባትሪ የአንድ ሌሊት ድርሻ አያንስም። ባትሪው ግን ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል! ነዳጅ ራሱ ጎተራ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በባሕር የኖሩ ጥቃቅን ሕይወታውያን የሰበሰቡት የፀሐይ ኃይል፣ ተቀብሮና ተጨምቆ የመጣ ነው። አንዴ ካቃጠልነው ተመልሶ የሚሞላበት ጊዜ ከሰው ዕድሜ ጋር አይገናኝም። ፀሐይ በየቀኑ ትመጣለች፤ ማስቀመጫውን ግን እኛው ማዘጋጀት አለብን። ታዳሽ ኃይል የሚሸጥ ሰው ይህን ሳይነግረኝ ፓኔል ብቻ ሲያሞግስ ያናድደኛል።

ጀነሬተር ግን አልመልስም። ጩኸቱ ይቅርና፣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ልጆች በሚተኙበት ቤት አጠገብ ያንን ማስነሳት አልፈልግም። ደግሞ ፓኔሎቹን ወድጃቸዋለሁ። ጥርት ባለና ቀዝቀዝ ባለ ቀን ከሐሩሩ ቀን የተሻለ ማምረታቸው ዛሬም ያስደስተኛል። ፓኔል ሲግል አቅሙ ይቀንሳልና።

ስለዚህ የምቀይረው ባትሪውን ብቻ ነው። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን የባትሪ ዓይነት አስገባለሁ። ከያዘው 80 በመቶውን ብጠቀም አይከፋውም፤ ደመና ሆኖ ሳይሞላ ቢሰነብትም አይጠጥርም። አንድ ጊዜ ሞልቶ መጠቀም አንድ ዙር ከተባለ፣ ሊድ አሲድ ጥቂት መቶ ዙር ሲቆይ፣ እሱ ሺዎችን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሻጩ ከፓኔሉ እንዲጀምር አልፈቅድለትም። ከአቅሙ ስንቱን በየሌሊቱ ልጠቀም? ስንት ዙር ይቆያል? ሙቀት ሲበዛ ምን ይሆናል? ይህን በጽሑፍ ካልሰጠኝ አልገዛውም።