ሂሮክሊክስን በትንሽ ገንዘብ ለመጀመር፦ የታሸገ ፓኬት ወይስ በነጠላ?

ሂሮክሊክስ ዊዝኪድስ የተባለ ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ የአሻንጉሊት ቡድኖች የሚፋለሙበት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። እንደ ስፓይደርማንና ባትማን ያሉ ጀግኖች ቀለም የተቀቡ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ሆነው ይመጣሉ። ጉዳት በደረሰባቸው ቁጥር መቆሚያቸው ላይ ያለው ክብ ይዞራል፤ የቀራቸው ጉልበት እዚያ ይነበባል።

የታሸገው ፓኬት ውስጥ ማን እንዳለ ሳይከፍቱት አይታወቅም። ደስታው እሱ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ለጀማሪ ግን ኪስ ይጎዳል። አንዱ አሻንጉሊት ደጋግሞ ሊወጣ ይችላል፤ የወጡትም አብረው ላይሄዱ ይችላሉ።

በነጠላ ሲገዙ የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ዋጋ የሚሰቅለው ብዙ ጊዜ ብርቅነት ነው፤ ብርቅ ሁሉ ደግሞ ጠንካራ አይደለም። ስለዚህ እንደ ልብ ከሚገኙት ርካሾች ጥሩ ቡድን ይወጣል። እያንዳንዱ አሻንጉሊት የራሱ ነጥብ አለው፤ የተለመደው የቡድን ልክ በድምሩ 300 ነጥብ ነው፤ አራት አምስት አሻንጉሊት ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ክቡ በደንብ መዞሩን ይሞክሩ። ካርዱም አብሮ ይኑር፤ ልዩ ችሎታው የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ብሆን በነጠላ እጀምራለሁ። ሁለት ዳይስ ከሌላ ጨዋታ መዋስ ይቻላል። ሜዳውንም ትልቅ ወረቀት ላይ፣ ጎናቸው 1.5 ኢንች በሆነ ካሬዎች ማስመር ነው። ፓኬቱ ለልደት ይቆይ።