ማዝዳዬን ለውድድር ላዘጋጁልኝ መካኒክ

ስለኚህ ሰው ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና ውድድር ትራክ ላይ ቀኑን ሙሉ ነድቼ፣ በሄድኩበት መኪና ቤቴ ስገባ ግን ዝምታዬ ውለታ ቢስነት መሰለኝ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው ያገራችን ሰው ናቸው። "ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጣ" ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መኪናዋ የ1995 ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ 148 ሺህ ማይል የሄደች፣ በ4,200 ዶላር የገዛኋት። ሐሳቤ መጀመሪያ አውቶክሮስ ልወዳደርባት፣ ሲለምድልኝ ደግሞ ትራክ ልወጣባት ነበር። አውቶክሮስ ማለት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ በኮን መንገድ ተሠርቶ አንድ በአንድ እየተነዳ ሰዓት የሚያዝበት ነው፤ አንድ ኮን ከጣልክ ሁለት ሰከንድ ይጨመርብሃል። (እኔ በመጀመሪያው ቀን አራት ጥያለሁ፤ እሱን እንለፈው።)

ቀድሜ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ስሙ ይቆየን፣ መኪናዋን እንኳን ወደ ላይ ሳያነሳ የቱርቦ (የሞተር ጉልበት መጨመሪያ) እና የጭስ ማውጫ ዋጋ ጻፈልኝ። ያንን ወረቀት ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አነበቡት፣ አጣጥፈው መለሱልኝ፣ ከዚያ ገብተው ቁጭ አሉና ፍሬኑን ሁለቴ ረገጡ።

"ልጄ፣ ይቺ መጀመሪያ ትቁምልህ" አሉኝ።

የፍሬን ዘይቱን ሲያፈሱት ቡና መስሎ ወጣ። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ሰሚት ፖይንት ላይ ረጅሙን ቀጥታ ጨርሰህ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ስትደርስ በኃይል መርገጥ ግድ ነው። በየዙሩ እንደዚያ ሲሆን ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ይጨመቅና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ጋሼ ይህን የተማሩት ትራክ ላይ አይደለም። ወጣት ሳሉ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱ የጭነት መኪኖችን ፍሬን ሲሠሩ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የፍሬን ሸራው ሲጨስ ያየ ሰው ስለ ቱርቦ ለመስማት ትዕግሥት የለውም።

ዘይቱን ሙቀት ይበልጥ በሚችለው ዶት 4 ቀየሩ፤ የፍሬን ሸራውንና ያረጁትን የፍሬን የጎማ ክፍሎችም እንዲሁ። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ከጥቁርነት ወደ አረንጓዴ ቡናማ ተለውጦ ነበር፤ ይህ በሚያታ ላይ "ልሰነጠቅ ነው" ማለት መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። እሱም ተቀየረ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ ወረቀት ስላልነበረኝ ከውሃ ፓምፑ ጋር አንድ ላይ አደሱት። ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ ሁለቴ የእጅ ዋጋ መክፈል ለምን?

የወደድኩላቸው ደግሞ የማይሠሩትን "አልሠራም" ማለታቸው ነው። ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ ትራክ ለመውጣት ሮልባር (ብትገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቅስት) ያስፈልጋታል። ብየዳ ቢችሉም እምቢ አሉ፤ "ጭንቅላትህን የሚጠብቅ ብረት ነው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ገዝተህ አምጣ፣ እኔ በብሎን አስራለሁ" አሉኝ። አላይመንቱንም ጎማውን ለውድድር ማስተካከል ወደሚያውቅ ሌላ ቤት ላኩኝ። ከዚያ ምንም ኮሚሽን እንደማያገኙ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ዕቃው 1,150 ዶላር፣ የእጃቸው 900 መጣ። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በካርቶን አስረከቡኝ።

እንከንም አላቸው። "ሁለት ሳምንት" ያሉት አምስት ሆነ፤ መሐል ላይ ፋሲካ ገባ፣ ስልክም አያነሱም። ለሥራ የምትፈልጉትን መኪና እንዳትሰጧቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ትራኩ ላይ ፈታሹ ጎማዎቹን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቃቸው፣ ኩሽኔታው አልተንቀሳቀሰም፤ ፍሬኑን ረገጠና ተለጣፊውን መስታወቱ ላይ ለጠፈልኝ። በመጨረሻው ዙር ፔዳሉ የጠዋቱን ያህል ጠንካራ ነበር። ለጋሼ ደውዬ ልነግራቸው ብል፣ እንደተለመደው አላነሱም።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በአካል ሂዱ፤ ቱርቦ የሚል ወረቀት ይዛችሁ ግን አትግቡ።