የሩቅ ሰርቨር ሠንጠረዥ፦ በቀጥታ ማገናኘት ወይስ ቅጂውን ማቆየት?

በሩቅ ሰርቨር ላይ ያለን ሠንጠረዥ ከአካባቢው (በራሳችን ሰርቨር ላይ ካለው) ሠንጠረዥ ጋር አጣምሮ ለማንበብ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሥርዓት ሁለት ዋና መንገዶች አሉት፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2013 ከእትም 9.3 ጋር የመጣው የውጭ ሠንጠረዥ ማገናኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2017 በእትም 10 የተካተተው ሎጂካል ሬፕሊኬሽን፣ ማለትም የምንጩን ለውጦች እየተቀበለ የሠንጠረዡን ቅጂ የሚያድስ ዘዴ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ በአካባቢው ዳታቤዝ የሚመዘገቡት የሠንጠረዡ ስምና ዓምዶች ብቻ ናቸው፤ መረጃው ከቦታው ስለማይነቃነቅ የሚነበበው ሁልጊዜ ትኩስ ነው፣ መጻፍም ይቻላል። ችግሩ የሚታየው በማጣመር ጊዜ ነው። የሩቁን ሠንጠረዥ ብቻ የሚመለከት ማጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ተልኮ ይፈጸማል፤ ከአካባቢው ሠንጠረዥ ጋር የሚደረገው ማጣመር ግን እዚህ ስለሚሠራ ብዙ ረድፎች በኔትወርኩ ሊጓዙ ይችላሉ፣ የሚጓዙትም ቅንብሩ ካልተለወጠ በ100 በ100 እየተከፈሉ ነው። ይህን ቁጥር ከፍ ማድረግ የአንድ ትእዛዝ ጉዳይ ነውና ከሁሉ በፊት ሊሞከር ይገባል ባይ ነኝ።

ሬፕሊኬሽን ቅጂውን በአካባቢው ስለሚያስቀምጥ ማጣመሩ ፈጣን ነው፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ንባብ አይቆምም። ሆኖም ቅጂው ከምንጩ በጥቂቱ ሊዘገይ ይችላል፣ በምንጩ ላይ የተጨመረ አዲስ ዓምድም በራሱ አይተላለፍም።

አልፎ አልፎ ለሚነበብ ትንሽ ሠንጠረዥ ማገናኛው ይበቃል። ትልልቅ ሠንጠረዦችን በየዕለቱ ለሚያጣምር ሪፖርት ግን ቅጂውን እመርጣለሁ፤ ይህም ክትትል ካለ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ተቀባዩ ለረጅም ጊዜ ቢጠፋ ምንጩ ያልተላኩትን የለውጥ መዝገቦች እያከማቸ ዲስኩን ሊሞላ ይችላል።