ስድስት ወር የሰደብኳት ገመድ አልባ ማውዝ

በትክክል ለመናገር የሰደብኳት አራት ወር ነው። የቀረውን ሁለት ወር ይቅርታ ስጠይቃት ከርሜያለሁ።

ጥር ላይ ነው የገዛኋት። ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ማውዟ ልክ ሥራ ሲበዛብኝ ማነከስ ጀመረች። ቀስቷን ስጎትታት ትቆማለች፤ ከዚያ ዘላ ሌላ ቦታ ትገኛለች። አንድ ማታ ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት የምትስምበት ጋ ስደርስ ዘለለችና ስሞሹን ከመሃል ቆረጠችው። ቪዲዮውን መለስኩት። ንዴቴን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ባትሪ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ከእንጨቱ ጠረጴዛ አንስቼ ማውዝ ፓድ ላይ አደረግኳት። ወይ ፍንክች! ተሸክሜ ወደገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት፤ ሰተት ብላ ሄደች። «ወንድሜ፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው። እስከ 10 ሜትር ድረስ ይሠራል» አለኝ። አፍሬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ በልቤ ስከራከረው ነበር። 10 ሜትር ምን ያደርግልኛል? ጓሮ ሆኜ ነው ኤዲት የማደርገው? እኔ እኮ ከላፕቶፑ አንድ ክንድ አልርቅም!

ግንቦት ላይ አንድ ማታ ዝናብ ጣለና መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ እንዲቆይልኝ ፋይል የምገለብጥበትን፣ በገመድ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ነቅዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማውዟ ዳነች። መብራቱ ሲሄድ ራውተሩም ጠፍቶ ስለነበር «አሃ፣ ዋይፋዩ ነው» አልኩ። በማግስቱ ራውተሩን አጠፋሁት። ማነከሷን አልተወችም።

ፍንጩን የሰጠችኝ እናቴ ናት። የላፕቶፔን ቻርጀር በሰካሁ ቁጥር ራዲዮዋ ይንጫጫል። የዚያን ቀንም ተንጫጫባት። መጥታ ጠረጴዛዬን አየችው። «ይሄን ሁሉ አንድ ላይ አጭቀህ እንዴት ይስማማልህ? ሁለት ኮርማ አንድ በረት ይታሰራል?» አለችኝ።

የላፕቶፑን ግራ ጎን አየሁ። የማውዟ ሪሲቨር (ምልክቷን የምትቀበለው ትንሿ መሰኪያ) እና የሃርድ ዲስኩ ገመድ ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ በመካከላቸው ሁለት ጣት አይገባም። ዲስኩን ነቀልኩት፤ ማውዟ ጤነኛ። መልሼ ሰክቼ ፋይል መገልበጥ ጀመርኩ፤ አነከሰች። እንደ ሕፃን አምስት ጊዜ ደጋገምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማውዟ የምትሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ የራዲዮ ሞገድ ነው። ብሉቱዝም፣ ብዙው ዋይፋይም እዚያው ሰፈር ስለሆኑ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እነሱን ነው። ሃርድ ዲስክን ማን ይጠረጥራል? ሃርድ ዲስኩ የሚሰካበት ፈጣኑ መሰኪያ፣ ዩኤስቢ 3፣ ግን ዳታ በፍጥነት ሲያስተላልፍ ከመሰኪያውና ከገመዱ የራዲዮ ጫጫታ ያፈተልካል፤ ጫጫታው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢም ይደርሳል። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፎ አውጥቶታል። ጥፍር የምታክል ሪሲቨር እዚያ አጠገብ ሆና ማውዟን ለመስማት ስትሞክር፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንደማውራት ነው። ሱቅ ውስጥ ደህና የሆነችውም ለዚህ ነው። የልጁ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ዲስክ አልነበረም።

መጀመሪያ ሪሲቨሯን ወደ ቀኝ ጎን አዛወርኳት። ተሻላት እንጂ አልዳነችም። ከዚያ አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝቼ ከዲስኩ አራቅኳት። ይኸው ሁለት ወር፣ አንድም ቀን አልዘለለችም። ፋይል ስገለብጥ የሚንቀራፈፈውን ዋይፋይ ደግሞ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀየርኩት፤ እሱም ተስተካከለ። ችግሩ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ላይ ሰነፍ ነው፤ እናቴ ክፍል ስገባ ይደክማል።

ስለ ቁልፎቿ፣ ስለ አያያዟ የምለው የለኝም፤ ደህና ናቸው። አሁን ልጁ ፊቴ ቢቆም «ዕቃው ደህና ነው አላልኩህም?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ብለኸኛል። ግን ከሃርድ ዲስክ አርቃት አላልከኝም! አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨምር አራት ወር ባልተቃጠልኩ፣ ሦስት ባትሪ ባልጣልኩ። ማውዟን ምሬያታለሁ፤ አልሸጣትም። አንተን ገና አስብበታለሁ።

ትናንት እናቴ ቡና ይዛልኝ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ማራዘሚያ አየችና «ይቺ ገመድ የላትም ያልከኝ አይደለች እንዴ?» አለችኝ። ቡናዬን ተቀብዬ ዝም አልኩ።