ስምንት ወር ከማግ ማተሚያዬ ጋር

ማሽኗን የገዛኋት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው። ቻይና ሠራሽ ናት፣ በአንዴ አንድ ማግ ብቻ ነው የምትይዘው። ዋጋዋን አልጽፍም፤ እናንተ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሊቀየር ይችላል። ጅማ ላይ የማስታወቂያ ስጦታ ሥራ ልጀምር የምትሉ ካላችሁ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

አሠራሯ ቀላል ነው። ዲዛይኑን በሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀት ላይ በመስታወት እንደሚታየው ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ ታትማላችሁ። ማጉ ላይ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ታጣብቁና 180 ዲግሪ ላይ 3 ደቂቃ ያህል ትተዉታላችሁ። ቀለሙ ጋዝ ሆኖ የማጉ ሽፋን ውስጥ ስለሚገባ በጥፍር ቢፍቁት አይነሳም። የመጀመሪያዋን ማግ ራሴ በየቀኑ ቡና እጠጣባታለሁ፤ እስካሁን አልደበዘዘችም።

"ገልብጣችሁ" ያልኩትን አደራ። አንድ ማታ የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎች ትእዛዝ ስሠራ ረሳሁት። ፊደላችን ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ "ሀ" ተገልብጦም "ሀ" ይመስላል። "ጅማ" የሚለው ወደ ኋላ መዞሩን ያየሁት አምስተኛው ማግ ላይ ስደርስ ነው።

ከሱቅ የተገዛ ተራ ማግ አይሠራም፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ሽፋን ያለው መሆን አለበት። እኔ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። አንዱ ካርቶን 36 ይይዛል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ ሲደርስ ካርቶኑን የምከፍተው እየጸለይኩ ነው። ባለፈው አራቱ እጀታቸውን ጥለው መጡ።

የማሽኗ ነውር እጀታው አጠገብ ነው። ማሞቂያ ጎማዋ እስከዚያ በደንብ አይደርስም፤ ጽሑፍ ካስጠጋችሁ ይደበዝዛል። በሁለቱም በኩል አንድ ጣት ያህል ባዶ ተዉ። "ቲሸርትም ታትሚባታለሽ" ያለኝ ሻጭ ደግሞ እግዜር ይይለት። ቲሸርት ሌላ ጠፍጣፋ ሂት ፕሬስ (በሙቀት ተጭኖ የሚያትም ማሽን) ይፈልጋል፤ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ይሄን ቀለም ጭራሽ አይዝም።

ትልቁ ጣጣ መብራት ነው። አንድ ሀጂ ለቡና መሸጫቸው 24 ማግ አዘዙኝ፣ ጀበና ያለበት። ማስገቢያ ማውጫውን ጨምሮ አንዱ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። አሥራ ሰባተኛው ላይ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ደግሜ ባሞቀው ወረቀቱ ትንሽ ተንሸራቶ ኖሯል፤ ጀበናው ከጎኑ ጥላ አወጣ። ትርፍ ማግ አልነበረኝም። እንዳለ ይዤላቸው ሄድኩ።

"ልጄ፣ ሁለት ጀበና ነው እንዴ ያዘዝኩሽ?" አሉኝ።

"ሀጂ፣ ይቅርታ፣ መብራት ሄዶብኝ ነው። እተካልዎታለሁ።"

"ቡናው እንኳ በከሰል ይቆላል፤ የእናንተ ሥራ ግን ያለ መብራት ወይ ፍንክች!" ብለው ሳቁ። ያቺን ማግ ለራሳቸው አስቀሯት። አሁን በሄድኩ ቁጥር የሚጠጡት በእሷ ነው፣ ለእንግዳም "ይቺ የመብራት ኃይል ናት" እያሉ ያሳያሉ።

ከዚያ ወዲህ በየትእዛዙ ሁለት ሦስት ትርፍ ማግ አስቤ ነው ዋጋ የምናገረው። ግማሽ ቀብድ ሳልቀበልም ማሽኗን አልሰካም። ድጋሚ እገዛታለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ሁለት አድርጌ፣ ከትርፍ ማሞቂያ ጎማ ጋር።